«ቡታጋዙን ዘግቼዋለሁ?» ደጋግሞ ስለማረጋገጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሩን ቆልፋችሁ ወጥታችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ደርሳችኋል። ድንገት «ቡታጋዙን ዘግቼዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ተመልሳችሁ ታያላችሁ። ተዘግቷል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። አንዳንዱ ግን በሩ ጋ ሲደርስ እንደገና ይመለሳል። ሦስቴ፣ አሥሬ፣ ሃያ ጊዜ። ሥራ ያረፍዳል፣ ከቤተሰብ ይጋጫል፣ በራሱም ያፍራል። ይህ በሕክምናው ኦሲዲ ከሚባለው የአእምሮ ሕመም መልኮች አንዱ ነው፤ ሕመሙ ሳይፈለግ ደጋግሞ የሚመጣ ሐሳብና ጭንቀቱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ነው። ስለ ሕመሙ በየቤቱ የሚነገሩ ነገሮች ታማሚውን ሲጎዱት ስለማይ፣ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የሚረሳ ስለሆነ ነው»

ይህን የሚሉት ሌሎች ብቻ አይደሉም። ታማሚውም ራሱ ያምነዋል። ተመራማሪዎች የእነዚህን ሰዎች የማስታወስ ችሎታ ሲፈትኑ ግን ወጥ የሆነ ግልጥ ድክመት አላገኙም። ይበልጥ ጎልቶ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ትዝታቸውን አያምኑትም። በውስጣቸው ያለው ምስክር እውነቱን ይናገራል፤ ዳኛው ግን አይቀበለውም።

ጥርጣሬው ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ አይመጣም። ይኸው ሰው ትናንት ማን ምን እንዳለው አንድ በአንድ ሊነግራችሁ ይችላል። የሚጠራጠረው «ጥፋት ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ» የሚልበት ቦታ ላይ ነው። ስታንሊ ራክማን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ፣ ማረጋገጥን የሚያባብሱ ሦስት ነገሮች አሉ ብለዋል፦ ለጉዳቱ ተጠያቂ ነኝ የሚል ስሜት፣ ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል የሚል ግምት፣ ቢደርስም ከባድ ይሆናል የሚል ፍርሃት።

«ደጋግሞ ያየ እርግጠኛ ይሆናል»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» እንላለን። ስለዚህ አንዴ ከማየት ሁለቴ፣ ሁለቴ ከማየት አሥር ጊዜ ማየት የሚሻል ይመስለናል። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

በ2003 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ማርሴል ፋን ደን ሃውት እና ሜረል ኪንት፣ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። የተካፈሉት ጤነኛ ተማሪዎች ነበሩ። ኮምፒውተር ላይ በተሠራ የጋዝ ምድጃ ማብሪያና ማጥፊያውን እያዞሩ፣ መዝጋታቸውን እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ከዚያ ግማሾቹ ያንኑ ምድጃ 20 ጊዜ ደጋግመው አረጋገጡ። ሌሎቹ በዚያ ፈንታ የአምፖል መብራቶችን አረጋገጡ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ምድጃው ተመልሰው አንድ ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ «አሁን የትኞቹን ማብሪያና ማጥፊያዎች ነክታችሁ ነበር?» ተብለው ተጠየቁ።

በትክክል በመመለስ ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ምድጃውን 20 ጊዜ ያረጋገጡት ግን ትዝታው ደበዘዘባቸው። ዝርዝሩ ጠፋባቸው። በመልሳቸውም መተማመናቸው ወረደ። አስቡት፦ ሕመም የሌለበት፣ ወጣት፣ ጤነኛ ተማሪ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ትዝታውን መጠራጠር ጀመረ። ያደረገው ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ካናዳ፣ አዳም ራዶምስኪና ባልደረቦቹ በእውነተኛ ኩሽና፣ በእውነተኛ ምድጃ ደገሙት። መተማመኑ እዚያም ወረደ። በዚያው በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሃያ ጊዜ እንኳ እንደማያስፈልግ አሳየ። ከ2 እስከ 10 ባለው ድግግሞሽ ውስጥ መሸርሸሩ ይጀምራል።

ለምን? በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ አስቡ። ዛሬ ጠዋት ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ተከፍቶ ነበር? ብዙ ጊዜ ስላያችሁት የዛሬው ከትናንቱ፣ የትናንቱ ከትናንት ወዲያው ጋር ተደባልቋል። ዓይን የለመደውን ነገር አእምሮ በዝርዝር አይመዘግበውም፤ «ያው ምድጃው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው አሥረኛው እይታ ከመጀመሪያው የሚደበዝዘው። ሰውየው ስለተጠራጠረ ያያል፤ ስላየ ትዝታው ይደበዝዛል፤ ስለደበዘዘበት ደግሞ ይጠራጠራል። በስልክ ፎቶ አንስቶ መውጣትም ከዚህ አያወጣም። ፎቶው ራሱ የሚረጋገጥ ሌላ ነገር ይሆናል። «የዛሬ ነው ወይስ የትናንት?» ይጀመራል።

«ጥንቁቅና ንጹሕ ሰው ነው እንጂ ሕመም የለበትም»

ጥንቁቅ ሰው ዘግቶ ይሄዳል። ልቡ ያርፋል። እዚህ የምናወራው የማያርፍ ልብ ነው። «እኔም ትንሽ ኦሲዲ አለብኝ» ማለት ከተሜው ለምዷል። ቀኑን ሙሉ በሩ ጋ የሚታገለው ሰው ይህን ሲሰማ ግን የራሱን ሥቃይ ለመናገር የበለጠ ያፍራል።

«ክፉ ሐሳብ የመጣበት ሰው ልቡ ክፉ ነው»

ይህ አመለካከት ብዙ ሰው በዝምታ አሠቃይቷል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ የስድብ ሐሳብ የሚመጣበት አለ። ልጇን ታቅፋ «ብጥላትስ?» የሚል ሐሳብ የሚያስደነግጣት እናት አለች። ሙስሊም ወገኖቻችን ወስዋስ የሚሉትን የማያቋርጥ ጥርጣሬ የሚያውቅ፣ ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ፣ ውዱእን ደጋግሞ የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚሰማው ይረዳል። በ2014 የታተመ ጥናት በ13 አገሮች 777 ተማሪዎችን ጠየቀ። 94 በመቶ ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ ያልፈለጉት፣ ሳይጠሩት የመጣ ሐሳብ እንደነበራቸው ተናገሩ። ሐሳቡ የሁላችንም ነው። ልዩነቱ ሐሳቡን እንዴት እንደምንተረጉመው ነው። ኦሲዲ ያለበት ሰው «ይህን ካሰብኩ ማድረጌ አይቀርም» ብሎ ይደነግጣል። የሚደነግጠውም ነገሩን ስለሚጠላው ነው።

«ከከለከሉት ይብስበታል፤ መድኃኒትም የለውም»

ሐኪሞችም በአንድ ወቅት ይህን ይፈሩ ነበር። በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ ሁለት ታማሚዎችን በተለየ መንገድ ማከሙን ጻፈ። የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ልማዳዊ ድርጊታቸውን ደግሞ እንዳይፈጽሙ አደረገ። ሁለቱም ተሻላቸው። ዛሬ ለኦሲዲ የሚሰጠው ዋናው የንግግር ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው።

በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 122 ጎልማሶችን ለ12 ሳምንት ተከታተለ። ይህን ሕክምና ካገኙት 62 በመቶው፣ ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 42 በመቶው፣ ሁለቱንም ካገኙት 70 በመቶው ጥሩ ለውጥ አሳዩ። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 8 በመቶው ብቻ። ለውጥ ማለት ፈጽሞ መዳን ማለት አይደለም። ለዓመታት በሩ ጋ ለታሰረ ሰው ግን ቀላል ነገር አይደለም። ጠበል የሚሄድ ሰው ጠበሉን ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ አልልም። ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በድንገት አያቋርጥ።

ሕክምናው ሰውን በግድ ማሰር እንዳይመስላችሁ። ታማሚው ተስማምቶ፣ ከቀላሉ ጀምሮ የሚሠራው ነው። ቡታጋዙን አንዴ ይዘጋል፣ ይወጣል፣ አይመለስም። ጭንቀቱ ይመጣል፤ አብሮት ይሄዳል። የሚማረውም ሳያረጋግጥ መኖር እንደሚችል ነው።

«ቤተሰብ ደጋግሞ ቢያረጋጋው ይረዳዋል»

ይህን የምጽፈው ለእናቶች፣ ለባሎችና ለሚስቶች ነው። «እማዬ፣ ዘግቼዋለሁ አይደል?» ስትላችሁ «አዎ ልጄ፣ ዘግተሻል» ማለት የፍቅር መልስ ነው። ለአፍታም ታርፋለች። ነገር ግን ቃላችሁ ሌላው የማረጋገጫ መንገድ ይሆናል፤ ሃያ አንደኛው እይታ ማለት ነው። በአንድ ቀን ዝም ማለትም ጭካኔ ይሆንባታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ፣ በሰላም ጊዜ፣ ቢቻል ከሐኪሟ ጋር ተስማሙ። ከዚያ ስትጠይቃችሁ እንዲህ በሏት፦ «እንደጨነቀሽ አይቻለሁ ልጄ። በተስማማነው መሠረት አልመልስልሽም። ነይ፣ እስኪያልፍልሽ አብረን እንቀመጥ።»