«አርቲፋክት» ምንድን ነው? ከአከርካሪ ብሎን ጀርባ ያልታየው ነገር

የአከርካሪ ዕጢ ወጥቶለት ብሎንና ዘንግ የገባለት ልጅ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ይነሣል፤ ውጤቱ ላይ «የብረት አርቲፋክት አለ» ተብሎ ይጻፋል። ይሄኔ «እሰይ፣ ዕጢ የለም ማለት ነው» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። አይደለም፣ ወንድሜ። ቃሉ የሚለው «እዚህ ቦታ ላይ ማየት አልቻልንም» ነው።

ጉም ጦሳን ሲሸፍን ተራራው ሄደ የሚል ደሴ ውስጥ የለም። ብረቱ በዙሪያው ያለውን የማግኔት መስክ ስለሚያዛባ ከዚያ የሚመጣው ምልክት ይጠፋል ወይም ቦታውን ይስታል። ጉሙም ይለያያል፦ የቲታኒየም ይሳሳል፣ የኮባልት ክሮም ይወፍራል፣ የስቴንለስ ስቲል ይብሳል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲወጡ ጉሙ እንደሚበረታው፣ ቅንብሩ ሳይቀየር ከ1.5 ወደ 3 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ) ማሽን ሲኬድ መዛባቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «ኃይለኛው ማሽን ይሻላል» ብሎ ልጁን ማንከራተት ለዚህ ጀርባ ላይጠቅም ይችላል። ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ይከዳኛል፦ ጉም ይሸፍናል እንጂ አያበራም። ብረት በጠርዙ ምልክት ከምሮ ያነጣል፤ ይህም ጋዶሊኒየም (ዕጢን አንጽቶ ለማሳየት በደም ሥር የሚሰጥ ንጥረ ነገር) የሳበ ዕጢ ይመስላል።

ጉሙን ማሳሳት ይቻላል። መላው የማሽኑን ቅንብር መቀየር ነው፦ ግራዲየንት ኤኮ የሚባለው የአነሣሥ ዘዴ ቀርቶ ስፒን ኤኮ የሚባለው፣ ሰፊ ባንድዊድዝ (ምልክቱ የሚነበብበት የድግግሞሽ ስፋት)፣ ስስ የምስል ቁራጭ። የስብን ብርሃን ከምስሉ የሚያጠፋው የተለመደው ዘዴ ብረት አጠገብ ስለሚከሽፍ፣ ስቲር ወይም ዲክሰን የሚባሉት ሌሎች የስብ ማጥፊያ ዘዴዎች ይሻላሉ። ስቲር ግን ከጋዶሊኒየም በኋላ አይነሣም፤ የዕጢውን ብርሃንም አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ሲቲ ስካን ብሎኑ መላላቱን ያሳያል፤ ለሕብለ ሠረሰሩ ግን ደካማ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ ጨረር አለው።

«ቲታኒየም ለኤምአርአይ ምንም ችግር የለውም» የሚለውም ጅምላ ነው። አምራቹ ያስቀመጠው ገደብ አለ፤ ውስጡ ማግኔት ያለው፣ ከልጁ ጋር የሚረዝም ዘንግ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ክፍል ሳይገባ መነገር አለበት። በካርቦን ፋይበር የተሠራው ጉሙ እምብዛም ነው፤ ችግሩ ዘንጉን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ እንደ ልብ ማጠፍ አለመቻሉ ነው። «ታዲያ ብረቱ ለምን ገባ?» ለሚል፦ የአከርካሪው የኋላ አጥንት የተነሣለት ልጅ እያደገ ሲሄድ ጀርባው ሊጎብጥ ስለሚችል ነው።

ለቀጠሮ ሲኬድ የኦፕሬሽኑ ወረቀትና የቀድሞው ምስል በሲዲ ይያዝ፤ ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቅንብር ይነሣ። ውጤቱ «አርቲፋክት» ብቻ ብሎ ከቆመ፣ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው አከርካሪ እንዳልታየ ይጻፍልን በሉ።