ቅርስን ማስተማሪያ ማድረግ ምንድን ነው?

ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይከራያል፣ ተማሪዎች ጎንደር ይወርዳሉ፣ አስጎብኚው ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። ይህ ጉብኝት ነው፤ ደስ ይላል፣ ክፋትም የለውም። ቅርስን ማስተማሪያ ማድረግ የሚባለው ግን ሌላ ነው፦ ተማሪው ክፍል ውስጥ ለተነሣ ጥያቄ መልሱን አይቶ፣ ለክቶና ተከራክሮ ከሕንጻው ራሱ ሲያወጣ ማለት ነው።

የፋሲል ግንብ ስሙ የሚነሳው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምልከው የኬሚስትሪ መምህሩን ነበር። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ የቀረው ውኃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፤ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መሃል ከገባ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ እየሳበ ይጠነክራል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቀመር እዚህ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።

ክርክሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ በ1970ዎቹ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሱ በኖራ ተኩት። ሲሚንቶ ይበልጥ ጠንካራ አይደለም እንዴ? ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ግድግዳው ውስጥ ያፍነዋል፤ ያኔ የሚበላው ድንጋዩ ይሆናል።

ለሒሳብ አንድ ሜትር እንጨትና ፀሐይ ይበቃል። እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥላው 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት የግንቡ ቁመት የጥላው እጥፍ ነው። 32 ሜትር ገደማ ነው ሲባል የሰሙትን ራሳቸው ይፈትሹታል። ግን የማማው ጫፍ ከግድግዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ታዲያ የጥላው ርዝመት ከየት ይጀምራል? በመጽሐፍ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሳም።

ታሪክ መምህሩም አይቀርም፤ የቀዳማዊ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ይያዝ። ጣሪያ የለውም። የ1704 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ቦምብ። የትኛው ጉዳት የማን እንደሆነ ከፍርስራሹ ማንበብ ይቻል ይሆን?

ጎንደር ሩቅ ከሆነ ሐረር የጀጎል ግንብ አላት፣ ድሬዳዋም የምድር ባቡር ጣቢያዋ። ወጪውም ይቀንሳል። ጥያቄዎቹ ግን ከጉዞው በፊት ይጻፉ፤ ኖራውን ለመመርመር ደግሞ ማንም ግድግዳ እንዳይፍቅ፣ ሙከራው ቀድሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራ።