ከዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋር መደራደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የክሬዲት ካርድ፣ የባንክ ብድር ወይም የሞባይል ስልክ ዕዳ ለወራት ሳይከፈል ሲቆይ አበዳሪው ጉዳዩን ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ይሰጣል፤ አንዳንዴም ዕዳውን ጠቅልሎ ይሸጥለታል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውም ስልኩም ይበዛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ የማይችለውን ክፍያ ቃል ይገባል፤ ሌላው ደግሞ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሁለቱም የሚመጡት ድርጅቱ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ካለማወቅ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው የእንግሊዝንና የዌልስን ሕግ የተከተለ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ በአንዳንድ ነገሮች ይለያሉ።

«ካልከፈልኩ ቤቴ ገብተው ዕቃ ይወስዳሉ፤ ያሳስሩኛል»

ዕዳ ሰብሳቢና ቤይሊፍ አንድ አይደሉም። ቤይሊፍ ዕቃ የሚይዝ፣ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ዕዳ ሰብሳቢው ግን ከዋናው አበዳሪ የበለጠ ምንም ሥልጣን የለውም። ደብዳቤ መጻፍ፣ መደወል፣ በር ማንኳኳት ይችላል። በር ላይ ከመጣ መክፈት ግዴታዎ አይደለም፤ ሂዱ ከተባለ መሄድ አለበት። በክሬዲት ካርድ ወይም በግል ብድር ዕዳ ምክንያት እስር ቤት የሚገባ ሰው የለም። ቤይሊፍ እልካለሁ ብሎ የሚያስፈራራ ደብዳቤ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ ወይ የሚለው ነው።

«እነሱ የጠየቁትን ካላሟላሁ ድርድር የለም»

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። ስልክ ላይ «ዛሬ 100 ፓውንድ፣ ከዚያ በየወሩ 80» ሲሉ ቁጥሩን ያወጡት የእርስዎን ኪስ አይተው አይደለም። የዘርፉ ተቆጣጣሪ የፋይናንሺያል ኮንዳክት አውቶሪቲ ደንብ ደግሞ ችግር ላይ ያለን ተበዳሪ ከአቅም በላይ እንዲከፍል ወይም ለመክፈል ብሎ ሌላ ብድር እንዲወስድ መጫንን ይከለክላል። ስለዚህ ቁጥሩ መውጣት ያለበት ከእርስዎ በጀት ነው።

አበዳሪዎችና ዕዳ ሰብሳቢዎች በስፋት የሚቀበሉት የበጀት ቅጽ ስታንዳርድ ፋይናንሺያል ስቴትመንት ይባላል፤ ነፃ የዕዳ አማካሪዎች አብረው ይሞሉልዎታል። ብቻዎን ከሞሉት ሰው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ልብ ይበሉ። የሳምንት ወጪን ወደ ወር ሲቀይሩ በ4 አያባዙ፤ በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉ። በሳምንት 80 ፓውንድ ለምግብ ከወጣ የወሩ 320 ሳይሆን 346 ከ67 ሳንቲም ነው። ያቺ 26 ፓውንድ በቅጹ ላይ ካልተጻፈች ስምምነቱ በሦስተኛው ወር ይፈርሳል። በዓመት አንዴ የሚመጡትን፣ ማለትም የመኪና ምርመራ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ፣ ጫማ፣ የጥርስ ሕክምና፣ ደምረው ለ12 ያካፍሉና ያስገቡ። ሰዓቱ የሚዋዥቅ ሥራ ካለዎት የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደመወዝ አማካይ ይጠቀሙ፤ ጥሩ የገባበትን ወር ብቻ አይምረጡ። ለቤተሰብ የሚልኩት ገንዘብ ካለም አይደብቁት። አበዳሪው ሊጠይቅበት ይችላል፤ ማን በእሱ እንደሚተዳደር በአንድ መስመር ማስረዳት ግን የውሸት በጀት ይዞ ከመቅረብ ይሻላል።

ከዚያ የተረፈውን በየዕዳው መጠን ያከፋፍላሉ። ለምሳሌ ሁሉም አስፈላጊ ወጪ ተከፍሎ በወር 60 ፓውንድ ተረፈ እንበል። ዕዳዎቹ ለክሬዲት ካርድ 3,000፣ ለብድር 1,500፣ ለካታሎግ (ከዝርዝር መጽሔት ተመርጦ በዱቤ ለተገዛ ዕቃ) 500፣ በድምሩ 5,000 ፓውንድ ናቸው። የእያንዳንዱን ዕዳ ለ5,000 አካፍለው በ60 ሲያባዙ ካርዱ 36፣ ብድሩ 18፣ ካታሎጉ 6 ፓውንድ ይደርሰዋል። አንዱ አበዳሪ «ለምን ለእኔ 18 ብቻ?» ቢል መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ፦ ሁሉም እኩል በድርሻው አግኝቷል።

ምንም የማይተርፍ ከሆነስ? በወር 1 ፓውንድ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ ማፈር አያስፈልግም። ነገር ግን 1 ፓውንድ ለጊዜያዊ ችግር እንጂ ለዓመታት የሚያዘልቅ መንገድ አይደለም። ገቢው የማይሻሻል ከሆነ ዴብት ሪሊፍ ኦርደር የሚባለውን፣ ማለትም ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው ዕዳን የሚያስቀር ሕጋዊ ትእዛዝ፣ ይጠይቁ። ከ2024 ጀምሮ የማመልከቻ ክፍያው ቀርቷል፤ የዕዳው ጣሪያም ወደ 50,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል።

በእንግሊዝኛ የሚልኩት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ከዚህ ብዙ መርዘም የለበትም፦

«የማጣቀሻ ቁጥሬ ይህ ነው። ዕዳውን በአንድ ጊዜ መክፈል አልችልም። የገቢና ወጪ ቅጼን አያይዣለሁ። ለዕዳዎቼ በሙሉ የሚተርፈኝ በወር 60 ፓውንድ ሲሆን የእናንተ ድርሻ 18 ፓውንድ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየወሩ በ3ኛው ቀን እከፍላለሁ። ወለድና ተጨማሪ ክፍያ እንድታቆሙልኝ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። በ6 ወር ውስጥ ሁኔታዬን ከልሼ አሳውቃችኋለሁ።»

የክፍያው ቀን ደመወዝ በገባ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይሁን። ደመወዝ በሚገባበት ዕለት ከሆነ አንድ ቀን ቢዘገይ ክፍያው ይመለሳል።

«አብዝቶ የሚደውለውን መጀመሪያ ልክፈል»

ጩኸት ቅድሚያ አይሰጥም። ቅድሚያ የሚሰጠው ባይከፈል ቤትን፣ መብራትን ወይም ነፃነትን የሚያሳጣው ነው፦ የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር)፣ ካውንስል ታክስ (ለአካባቢ አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር)፣ ጋዝና መብራት፣ የፍርድ ቤት ቅጣት፣ የልጅ ማሳደጊያ። የካውንስል ታክስ ክፍያ ሲቋረጥ ማስታወሻ ይመጣል፤ ዝም ከተባለ የዓመቱ ቀሪ በሙሉ በአንዴ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ እውነተኛው ቤይሊፍ ነው። ይህን እያስጠበቁ በቀን ሦስቴ ለሚደውል የካርድ ዕዳ 80 ፓውንድ መክፈል አደጋ ነው። የእነዚህ ውዝፍ ክፍያ በበጀቱ ውስጥ ከሌሎቹ ዕዳዎች በፊት ይቀነሳል።

«ደብዳቤው በስሜ ከመጣ ዕዳው የእኔ ነው»

ላይሆን ይችላል። ከመደራደርዎ በፊት ዋናው አበዳሪ ማን እንደነበር፣ ዕዳው ተሽጦ እንደሆነ፣ መጠኑ ትክክል መሆኑን ይጠይቁ። ድርጅቱ ፈቃድ ያለው መሆኑንም በፋይናንሺያል ኮንዳክት አውቶሪቲ መዝገብ ያረጋግጡ፤ አጭበርባሪዎች ዕዳ ሰብሳቢ መስለው ይጽፋሉ። ለክሬዲት ካርድና ለግል ብድር በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ መሠረት 1 ፓውንድ ልከው የውሉን ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ። በ12 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልሰጡ፣ እስኪሰጡ ድረስ ውሉን በፍርድ ቤት ማስፈጸም አይችሉም። ዕዳው ግን አልተሰረዘም።

በዕድሜ የቆየ ዕዳ ከሆነ ደግሞ ቸኩለው አይክፈሉ። ለአብዛኛው እንዲህ ላለ ዕዳ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ካለፈ በኋላ በፍርድ ቤት ማስከፈል የማይቻልበት ጊዜ፣ 6 ዓመት ነው። 6 ዓመቱ ሳይሞላ አንዲት ፓውንድ ከከፈሉ ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ካመኑ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከሞላ በኋላ ግን ክፍያ ይርጋውን አይቀሰቅሰውም፤ «አንዴ ከከፈልክ ዳግም ይነሳል» የሚባለው በእንግሊዝና በዌልስ ልክ አይደለም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቆጠራው መቼ እንደጀመረ ማወቁ ላይ ነው። በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይርጋ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ክፍያ ሳይሆን የዲፎልት ማስጠንቀቂያው፣ ማለትም አበዳሪው ውሉ መጣሱን ገልጾ እንዲስተካከል ጊዜ የሚሰጥበት ደብዳቤ፣ ቀነ ገደብ ካለፈ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በራስዎ ስሌት «አልፎበታል» ብለው ከመጻፍዎ በፊት አማካሪ ይጠይቁ። አስቀድሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያለበት ዕዳም በዚህ መንገድ አይቀርም።

«ስልክ ላይ ተስማምተናል፤ አልቋል»

ያልተጻፈ ስምምነት ሲካካድ ማስረጃ የለውም። ሠራተኛው ሲቀየር ወይም ዕዳው ወደ ሌላ ድርጅት ሲዛወር «እንዲህ ያለ ስምምነት አናይም» ይባላል። ከደወሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና የተባለውን ይመዝግቡ፤ በዚያው ቀን በኢሜይል ያረጋግጡ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ በጽሑፍ ብቻ እንዲያነጋግሩዎት መጠየቅ ወይም በፈቃድዎ ሌላ ሰው እንዲወክልዎ ማድረግ ይችላሉ።

የባንክ ካርድ ቁጥርዎን በስልክ አይስጡ። በካርድ የሚከፈል ተከታታይ ክፍያ ቀኑንና መጠኑን ለእነሱ ይተዋል። ስታንዲንግ ኦርደር (ባንክዎ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እንዲልክ የሚሰጡት ትእዛዝ) ግን እርስዎ ያዘዙት ነው፤ እርስዎ ብቻ ይቀይሩታል። የካርድ ፈቃድ አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ ባንክዎን ጠይቀው ማሰረዝ መብትዎ ነው። ደመወዝዎ የሚገባበት ባንክ ራሱ ዕዳ ያለብዎት ባንክ ከሆነ ደመወዙን ዕዳ ወደሌለብዎት ሌላ ባንክ ያዙሩት፤ ከሂሳብዎ ወስዶ ዕዳውን ሊያቻችል ይችላልና።

«ያቀረብኩትን ካልተቀበሉ መክፈል የለብኝም»

ይክፈሉ። ዕዳው የእርስዎ መሆኑን ካረጋገጡና የይርጋ ጥያቄ ከሌለበት፣ ያቀረቡትን መጠን በያዙት ቀን መላክ ይጀምሩ። ለሦስትና አራት ወራት ሳይቋረጥ የገባ 18 ፓውንድ ከብዙ ክርክር ይበልጣል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም በቅን ልቦና ሲከፍሉ እንደነበር ያሳያል። ጎን ለጎን ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በጀትዎን ሳያዩ ከገፉዎት ቅሬታ ያስገቡ፤ ድርጅቱ ለመመለስ 8 ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካዎት በ6 ወር ውስጥ በደንበኞችና በገንዘብ ድርጅቶች መካከል ያለን ክርክር ወደሚዳኘው ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ሰርቪስ በነፃ መሄድ ይችላሉ።

«ግማሹን ከከፈልኩ ቀሪውን ይተዉልኛል»

አንዳንዴ ይሆናል፤ በተለይ ዕዳውን ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ የገዛ ድርጅት ከሆነ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ «ይህን ተቀብለን ሂሳቡን እንዘጋለን፤ ቀሪውን እኛም ሌላም ድርጅት አንጠይቅም» የሚል ጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከዚያ ይክፈሉ። ጽሑፉ ሳይመጣ የተላከ ገንዘብ ተራ ቅናሽ ክፍያ ሆኖ ይመዘገባል። ገንዘቡንም ከኪራይ ወይም ከሌላ ብድር አያምጡ።

«ባለቤቴ የተበደረውን እኔም እከፍላለሁ»

ትዳር ብቻውን ባለዕዳ አያደርግም። የሚጠየቁት ውሉን በጋራ ከፈረሙ ወይም ዋስ ከሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ዕዳ እንጂ ለግማሹ አይደለም።

«ከፍዬ ስጨርስ ክሬዲት ፋይሌ ወዲያው ይጸዳል»

በክሬዲት ፋይል፣ ማለትም አበዳሪዎች በሚያዩት የብድር ታሪክዎ መዝገብ ላይ፣ ዲፎልት (ዕዳው በውሉ አለመከፈሉ) ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ይቆያል፤ ከተከፈለ «ተከፍሏል» የሚል ይጨመርበታል።

«ዝም ካልኩ ይሰለቻሉ»

ይህ የሚሳካላቸው ጥቂቶች ይኖሩ ይሆናል፤ የሚጎዳበት ሰው ግን ብዙ ነው። ድርጅቱ ለመክሰስ ሲያስብ መጀመሪያ «ሌተር ኦፍ ክሌም» ይልካል፤ ከመልስ መስጫና ከበጀት ቅጽ ጋር ነው የሚመጣው፤ ለመመለስም 30 ቀን አለ። የዕዳ ምክር እየፈለጉ መሆኑን እዚያው ቅጽ ላይ ከገለጹ ተመጣጣኝ ጊዜ ሊሰጡዎት ይገባል። ይህ ካለፈና ከፍርድ ቤት የክስ ቅጽ ከመጣ ጊዜው ያጥራል፦ ከደረሰዎት ጀምሮ 14 ቀን፣ መቀበልዎን ካሳወቁ 28 ቀን። ካልመለሱ ፍርዱ በሌሉበት ይሰጣል፤ ሙሉውን ወዲያው እንዲከፍሉም ሊታዘዝ ይችላል። ዕዳውን ካመኑ በመልሱ ቅጽ ላይ በጀትዎንና የወር ክፍያ ሐሳብዎን ይሙሉ፤ አበዳሪው ባይስማማ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ከፍርድ በኋላም ሁኔታዎ ከተቀየረ ኤን245 በሚባለው ቅጽ የወር ክፍያው እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል። የተፈረደውን በ1 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከከፈሉ ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች መዝገብ ይወጣል፤ ካልሆነ 6 ዓመት ይቆያል።

መተንፈሻ ጊዜ ካስፈለገዎት ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ብሪዚንግ ስፔስ ለ60 ቀን ወለድን፣ ተጨማሪ ክፍያንና አብዛኛውን የማስከፈል እርምጃ ያቆማል። እርስዎ በቀጥታ አያመለክቱም፤ የዕዳ አማካሪ ነው የሚያስገባልዎት። በነዚህ ቀናት የሚመጣውን ኪራይና የመብራት ክፍያ መክፈል ይቀጥላል። ስቴፕቼንጅ፣ ናሽናል ዴብትላይንና ሲቲዝንስ አድቫይስ ምክር የሚሰጡት በነፃ ነው። ከወር ክፍያዎ ላይ ለራሱ የሚቆርጥ የዕዳ አስተዳደር ኩባንያ ከደወለ፣ ያው ሥራ ያለ ክፍያ እንደሚሠራልዎት ያስታውሱና ስልኩን ይዝጉ።