ሻለቃው ሰውዬው ነው ወይስ ጦሩ?

ባለፈው ክረምት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ያረፉት ጎረቤታችን የቀድሞው ጦር አባል ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ልጃቸው አንድ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት ይዛ መጣች። «አባዬ ሻለቃ ነበር» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ነው። ከሥሩ ደግሞ «2ኛ ሻለቃ» ይላል።

አጠገባችን የነበሩ ጡረተኛ ወታደር ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩት። «ልጄ፣ ሻለቃው ጦራቸው ነው። እሳቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው። እንደዚያው ይነበብላቸው፤ ሃምሳ አለቃነት በላብ የሚገኝ ነው» አሏት።

ይህ ስህተት በየሰፈሩ አለ። ሟችን ያልነበሩበት ማዕረግ ላይ ያስቀምጣል፣ የነበሩበትን ጦር ደግሞ ያስረሳል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

«ሻለቃ ማለት ሰው ነው»

ሰውም ነው፣ ጦርም ነው። ሻለቃ የመኮንን ማዕረግ ነው፤ በርካታ ሻምበሎችን የያዘ የጦር ክፍልም ሻለቃ ይባላል። ሻምበልም እንደዚሁ ሁለት ትርጉም አለው። መለያው ቀላል ነው። ቃሉ ከሰው ስም ፊት ከመጣ ማዕረግ ነው፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ። ቁጥር ወይም መጠሪያ ከቀደመው ግን ጦሩ ነው፦ 2ኛ ሻለቃ፣ ቃኘው ሻለቃ።

ቃኘው ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ነው። «ቃኘው የሚባል ሻለቃ ነበር» የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። እንዲያ የሚባል መኮንን አልነበረም። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃ የተባለው ከ1 ሺህ የሚበልጠው ወታደር ራሱ ነው።

«ሻለቃን የሚመራው ሻለቃ ነው»

ስሙ ያሳስታል። ሻምበልን ብዙውን ጊዜ የሚመራው በእርግጥም ሻምበል ነው። ሻለቃ ጦር ላይ ሲደርስ ግን በመደበኛው አሠራር አዛዡ ሌተናል ኮሎኔል ነው። የመጀመሪያውን ቃኘው ሻለቃ የመሩትም ሌተናል ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሻለቃ ማዕረግ ያለው ሰው ጦሩን የሚመራበት ጊዜ ይኖራል፤ ስሙ ስለገጠመ ብቻ ግን «አዛዥ ነበሩ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

«ሻለቃ 1 ሺህ፣ መቶ አለቃ 100 ሰው ያዛል»

ቃሉ የወጣው ከዚያ ነው። ሻለቃ «ሺ አለቃ» ነው። ሻምበልም «ሺ አምበል» ነው፤ የኳስ ቡድን አምበል የምንለው ያው ቃል ነው። ሁለቱም ውስጥ ሺ አለ፣ ለዚህም ይመስለኛል የሚምታቱት። በዛሬው አደረጃጀት ግን ሻምበል ከ100 እስከ 200 ሰው አካባቢ ነው፣ ሻለቃ ደግሞ ከጥቂት መቶዎች እስከ 1 ሺህ ገደማ። መቶ አለቃም ቢሆን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሰው ነው። ከጥንት የቀረልን ስሙ ነው፣ ቁጥሩ ተለውጧል። ኃይሌን ሻለቃ ስንለውም ሮጦ ባመጣው ክብር የተሰጠውን ማዕረግ እየጠራን ነው።

«ክፍለ ጦርና የጦር ክፍል አንድ ነው»

አይደለም። የጦር ክፍል ማንኛውም ክፍል ነው፤ ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል። ክፍለ ጦር ግን በሺዎች የሚቆጠር፣ ብርጌዶችን (ብርጌድ በርካታ ሻለቃዎችን የያዘ ክፍል ነው) የያዘ፣ ጀነራል የሚመራው ትልቅ ጦር ነው። ታክሲ ላይ «አራተኛ ክፍለ ጦር ወራጅ አለ!» ስንል የምንጠራው የእንዲህ ዓይነቱን ጦር የቀድሞ መምሪያ ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ደርግ የተቋቋመው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

የጎረቤታችን ወረቀት ላይም ክፍለ ጦራቸው ከነቁጥሩ ተጽፎ ነበር። እኔ በችኮላ «በአንድ የጦር ክፍል አገልግለዋል» ብዬ አልፌዋለሁ። ጡረተኛው ወታደር ረቂቁን ሲያዩ እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና መስመሩን ሰረዙት። ከዚያ ከላይ ጀምረው በራሳቸው እጅ ጻፉት፦ ክፍለ ጦሩን፣ ብርጌዱን፣ 2ኛ ሻለቃን፣ ሻምበላቸውን። ከሁሉም በታች፣ ጎላ አድርገው፣ «ሃምሳ አለቃ» ብለው ስማቸውን አስከተሉ።