የማይመለሰው የቪዛ ክፍያ የምን ዋጋ ነው?

ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ የሚከፈለው 185 ዶላር ማመልከቻውን የማየት ዋጋ እንጂ የቪዛው ዋጋ አይደለም። ቆንስሉ መስኮቱ ላይ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ቢከለክልም አይመለስም፤ ለሌላ ሰውም አይዛወርም። ከፍለው በ365 ቀናት ውስጥ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ካልያዙ ይቃጠላል። እንደገና ማመልከት ማለት እንደገና መክፈል ነው። ለሥራ መክፈል አግባብ ነው፤ ለብዙዎቻችን ከወር ደመወዝ የሚበልጥ ገንዘብ ወስዶ ምክንያቱን በአንድ የተዘጋጀ ወረቀት ብቻ መንገር ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ለበርካታ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ላይ ልዩነት አለ። አዋቂ የሚከፍለው 90 ዩሮ፣ ቪዛው ሲከለከል አይመለስም። ማመልከቻው መሠረታዊ ነገር ጎድሎት ተቀባይነት የለውም ተብሎ ሳይመረመር ከተመለሰ ግን ቆንስላው ክፍያውን የመመለስ ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ አይጠይቅም። ማመልከቻውን የሚረከበው ድርጅት የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ደረሰኞች ለየብቻ ያስቀምጡ።