«ጥምር ደን እርሻ» ማሳን ደን ማድረግ ነው እንዴ?

ስሙ ያሳስታል። «ደን» የሚለው ጎልቶ ስለሚሰማ ገበሬው ማሳው የሚነጠቅ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ዛፍን ከሰብል ወይም ከከብት ጋር በአንድ መሬት ላይ ማዋል ነው። ታዲያ የግድ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ብዙውን ሰው የሚያምታታው ይሄ ነው።

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳን እንይ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት በነሳ ማሳ ላይ ገበሬው በመጀመሪያው ክረምት የዲከረንስ (ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ) ችግኝ ይተክልና በመሃሉ ጤፍ ይዘራል። ከዚያ ጥላው ሲበረታ ጤፉ ይቀራል፤ ከዛፉ ሥር ሣር ለከብት ይታጨዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። በሦስተኛው ዓመት ያየው መንገደኛ «ደን ነው» ቢልም፣ እርሻው እርሻ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ ጌዴኦ ዘንድ ግን ተራ መጠበቅ የለም፤ እንሰቱም፣ ቡናውም፣ ጥላ ዛፉም አብረው ይቆማሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄኛው ይሻላል። ዲከረንሱን በቅርብ ዓመታት ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ሲመታው፣ በአንድ ዛፍ ብቻ የተማመነው ገበሬ ነው ባዶ እጁን የቀረው።