ትንሽ ሳብዉፈር በጎጃም ቤት፦ አመራረጡና አቀማመጡ

ሳብዉፈር የሙዚቃን ወፍራም ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ስፒከር ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። የሳብዉፈር ድርሻ የታችኛው ጫፍ ነው፤ ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ገደማ። እኛ ባጭሩ "ቤዝ" እንለዋለን። ትንሽ የሚባለው ዓይነት ከ6.5 እስከ 10 ኢንች ስፋት ያለው ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክብ ስፒከር) ይዞ ከሶፋ ጎን ወይም ከቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሥር የሚገባው ሳጥን ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ ወይም በባሕር ዳር ሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው "2.1" የሚባለው ነው፤ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና አንድ የቤዝ ሳጥን። ለብቻው የሚሸጥ፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሳብዉፈርም አለ። ከታች የምለው ለሁለቱም ይሠራል።

መጀመሪያ ምን እንደምታዳምጡ አስቡ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ድምፁም ከሰው ድምፅ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ለማሲንቆ ሳብዉፈር አያስፈልግም። በገና ደግሞ ያታልላል። አሥር ክር አለው፣ ወፍራምም ይመስላል። ግን ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ከክሩ ሥር ከሚገባው እንዝራ ከሚባል የቆዳ ቁራጭ ነው፤ የእንዝራው ንዝረት ደግሞ ከሳብዉፈር ድርሻ በላይ ነው። ቤዙን አብዝታችሁ በገና ብትሰሙ ዝማሬው ይጨፈለቃል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ ብዙ ቤት የሚሰማው በገና ነው። እኔ በዚያ ሰሞን የሳብዉፈሩን ማዞሪያ ወደ ታች አወርደዋለሁ።

የሚጠቅመው ለከበሮና ለቤዝ ጊታር ነው። ከበሮ ሰፊና ጠባብ አፍ አለው። መዳፍ በሰፊው ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ ሁለት ነገር ይዟል፤ የቆዳው "ጧ" እና ከሥሩ የሚከተለው ሆድ የሚነካ "ዱም"። ትንንሾቹ ስፒከሮች "ጧ"ን ይሰጡናል። "ዱም" የምትመጣው ከሳብዉፈሩ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልደረሱ ከበሮው ከበሮ አይመስልም፤ ለእስክስታ ትከሻ የሚያነሣውም የሁለቱ መገጣጠም ነው። የዘመኑ የችክችካ ዘፈኖችም እንዲሁ ናቸው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። ይህን በስልክ ስፒከር ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ምንም አያወጣም ማለት ይቻላል።

ሳጥኑ ትንሽ ሲሆን ችግሩ ምንድን ነው? ቤዝ ማለት አየር መግፋት ነው። ድምፁ ከ80 ወደ 40 ኸርዝ ሲወርድ፣ ጩኸቱ እንዳይቀንስ ዉፈሩ 4 እጥፍ አየር መግፋት አለበት። ትንሽ ዉፈር ይህን የሚያደርገው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እጅግ ርቆ በመሄድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ውስጡ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቀመበት። ከዚያ በፊት ጥልቅ ቤዝ የሚፈልግ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ቤቱ ማስገባት ነበረበት። በዚያው ዘመን የነበረው ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ደግሞ እስከ ዛሬ "የሆፍማን የብረት ሕግ" የሚባለውን አስቀመጠ። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ምረጥ ይላል። ሻጭ ሦስቱንም አለው ካላችሁ አትመኑ።

ዋት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ካርቶኑ ላይ "3000 ዋት ፒኤምፒኦ" ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ሳጥኑን ገልብጡና ከኋላው የተለጠፈውን አንብቡ። እዚያ "220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት" ካለ ከግድግዳው የሚስበው 60 ዋት ነው። ከሚስበው በላይ አዘውትሮ ሊሰጥ አይችልም። ማየት ያለባችሁ "አርኤምኤስ" የሚለውን፣ ማለትም ዕቃው አዘውትሮ የሚሰጠውን ዋት ነው። እሱም ቢሆን ከ50 ወደ 100 ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዋት ከመከራከር በዉፈሩ ስፋትና በሳጥኑ ክብደት መከራከር ይሻላል። ሳጥኑን አንሱት። ጎኑን በጣት መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጉት። እንደ ባዶ ካርቶን የሚጮህ ከሆነ ሙዚቃ ሲከፈትም አብሮ ይጮሃል።

ሳጥኑ የተዘጋ ነው ወይስ ቀዳዳ ያለው? የተዘጋው ድምፁ ቆረጥ ያለ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድም ቀስ እያለ ይደክማል። ቀዳዳ ያለው በትንሽ ጉልበት የበለጠ ይጮሃል፤ ከተወሰነ ቦታ በታች ግን ድምፁ በአንዴ ይጠፋል። ለትንሽ ሳሎን እኔ የተዘጋውን እመርጣለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። እህል በሚቀመጥበት ቤት አይጥ አይጠፋም። ቀዳዳው ደግሞ ለአይጥ የተሠራ በር ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሳጥን አንድ ክረምት ሙሉ ጥግ ላይ ቆይቶ ስከፍተው ውስጡ የነበረው ጥጥ ተበጣጥሶ ጎጆ ሆኗል፤ ወደ ዉፈሩ የሚሄደው ሽቦም ተቀርጥፏል። ቀዳዳ ያለውን ከገዛችሁ በማትጠቀሙበት ጊዜ አፉን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። የዉፈሩ ዙሪያ ከስፖንጅ ይልቅ ከጎማ የተሠራ ይሁን። ስፖንጁ በዓመታት ውስጥ ይፈረካከሳል።

ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ የሚያስመጣም ሞልቷል። እስከ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ መንገድ አለ። ዕቃው ሲደርስ ሽፋኑን አውልቁና በአራት ጣት ዉፈሩን ከመሐል ዙሪያ እኩል ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ያለ ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ደኅና ነው። ፍቅፍቅ የሚል ነገር ከተሰማችሁ መግነጢሱ ወይም የሽቦ ጥቅሉ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። እኛ አገር ክፍል ሲሠራ "አራት በአራት" ይባላል። ለአልጋም ለሶፋም ይመቻል። ለቤዝ ግን መጥፎ ከሚባሉት ቅርጾች አንዱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ4 ሜትር ግድግዳ መካከል ሲመላለስ 43 ኸርዝ ላይ ራሱን በራሱ እያጠናከረ ይቆማል። ርዝመቱም ወርዱም 4 ሜትር ሲሆን ሁለቱ አቅጣጫዎች ያንኑ ድምፅ ያጎላሉ። ቤዝ ጊታሪስቱ ዝቅተኛዋን "ፋ" ሲመታ 44 ኸርዝ አካባቢ ናት። ያቺ ድምፅ ብቻ ቤቱን ታናውጠዋለች፤ ከጎኗ ያሉት ግን በልክ ይሰማሉ። ሰው "ሳብዉፈሩ ተበላሽቷል" የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ሶፋችን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ይህ የቆመ ድምፅ እጅግ የሚያይለው ግድግዳው ሥር ነው። ክፍሉ መሐል ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ለዚህ ነው ቡና የምታፈላው ልጅ መሐል ላይ ተቀምጣ "ቤዙ የታለ?" ስትል፣ ሶፋው ላይ ያለው እንግዳ "ኧረ ቀንሱት" የሚለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ግድግዳው ራሱ ለውጥ ያመጣል። በባሕር ዛፍ ማገር የተሠራ የጭቃ ቤት ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ቤዙን በከፊል ይውጠዋል። ብሎኬት ቤት መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬት ቤት የገባ ሰው ያው ዕቃ ሲያጓራበት ሊገረም አይገባም።

እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተከራየሁት አራት በአራት ክፍል ነው። ሳጥኑን ከቡፌው ጎን ማዕዘኑ ላይ ወሸቅሁት። ማዕዘን ደግሞ ቤዝን ከየትም ቦታ በላይ ያጎላል። ድምፁ ጭቃ ሆነብኝ። ሁለት ወር ሙሉ የዕቃው ችግር መስሎኝ ጥገና ቤት አመላለስኩት፤ ምንም አልተገኘበትም። በመጨረሻ አንድ ሰው ቀላል ዘዴ አሳየኝ። ሳብዉፈሩን አንስተን ሶፋው ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ አስቀመጥነው። ቤዝ ጊታሩ እየወጣ እየወረደ የሚሄድ ዘፈን ከፈትን። ከዚያ እኔ በጉልበቴ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳህኩ አዳመጥሁ። ማዕዘኑ ጋ አጓራ። መስኮቱ ሥር ጠፋ። በሩ ያለበት ግድግዳ መሐል አካባቢ ስደርስ ግን እያንዳንዷ ድምፅ እኩል ሆና ተለይታ ተሰማችኝ። ሳጥኑን እዚያ አደረግነው፤ ሶፋውንም ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አራቅነው። አንድ ብር አላወጣሁም። ያንን ዕቃ ያኔ ነው በእውነት የገዛሁት የምለው።

ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው። የቡፌው መስታወት፣ ረከቦቱ ላይ የተደረደረው ሲኒ፣ የኮርኒሱ ጠርዝ፣ ከላዩ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ የየራሱ ድምፅ አለው። ሲኒው ጢንንን ሲል ሰው ስፒከሩ የተሰነጠቀ ይመስለዋል። አንድ ሰው ሙዚቃውን እንደከፈተ ይቆይ፤ ሌላው በመዳፉ ዕቃውን አንድ በአንድ ይያዝ። ድምፁ ሲቆም ጥፋተኛው ተገኘ። ከሳጥኑ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ አራት ቁራጭ ጎማ ማድረግ በጣም ይረዳል። በተለይ ወለሉ ጣውላ ከሆነ።

ማዞሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መጀመሪያ ዝቅ አድርጉት። የድምፅ መለያውን፣ ማለትም ሳብዉፈሩ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚያወጣ የሚወስነውን፣ 80 ገደማ ላይ አቁሙት፤ ስፒከሮቻችሁ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ወደ 100 ወይም 120 ይጠጋ። መለያው እላይ ከሄደ ሳብዉፈሩ የወንድ ድምፅ ማውጣት ይጀምራል። ለመፈተን ዜና የሚያነብ ወንድ ክፈቱ። ድምፁ ከሳጥኑ በኩል የሚመጣ፣ ጋን ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ መለያውን አውርዱት። የሳብዉፈሩን ግፊት ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገጣጥመውን "0 እና 180" የሚለውን መቀያየሪያ ለማስተካከል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይቀመጥ፣ ሌላው ይቀያይር። ቤዙ የሞላበት ትክክል ነው። በመጨረሻ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ሳብዉፈሩ "አለሁ" ሲል ትንሽ መልሱት። ሲዘጋ የሚናፍቅ፣ ሲከፈት ግን ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ከሆነ ልኩ ያ ነው።

መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ "እምምም" የሚል ድምፅ ከሳብዉፈር ብዙ ጊዜ ይወጣል። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ። እምምታው ከጠፋ ችግሩ ከዲሹ ጋር የገባው ግራውንድ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። የሶኬቱን ግራውንድ መቁረጥ ግን አደጋ ስለሆነ በፍጹም አይሞከር። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ንቀሉ፤ የሚጎዳው ሲመለስ ነው። የደብረ ማርቆስ ከፍታ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ አምፕሊፋየርን በደንብ አያበርድም። ከሳጥኑ ጀርባ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉ።

ጎረቤትን በተመለከተ ራሳችሁ ሄዳችሁ ማዳመጥ አለባችሁ። ቀጭን ድምፅ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ወፍራሙ ያልፋል። እኔ ሙዚቃውን እንደተከፈተ ትቼ ከጎኔ ያሉትን እናት ቤት አንኳኩቼ ገብቼ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ለስለስ ብሎ የተከፈተ ዘፈን፣ እሳቸው ክፍል ዜማው የለም፣ ግጥሙ የለም፤ የሚሰማው ዱም ዱም ብቻ ነው። "ልጄ፣ እኔ እኮ እህል የምትወቅጥ ነበር የሚመስለኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስፒከሮቹን እተውና የሳብዉፈሩን ሶኬት እነቅላለሁ።